ዳይቨርቲኩላይተስ በሲቲ ስካን፦ ሆዱ ሲከፈት ሪፖርቱ ምን ያህል ይጸናል?

ከእምብርት በታች በግራ በኩል ሕመም ይዞ፣ አተኩሶት፣ ነጭ የደም ሴሉም ከፍ ብሎ ለመጣ ጎልማሳ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን ማዘዝ ትክክል ነው። በትልቁ አንጀት ግድግዳ ላይ ወደ ውጭ ያበጡት ትናንሽ ከረጢቶች መቆጣታቸውን፣ ማለትም ዳይቨርቲኩላይተስ መሆኑን፣ ይህ ምርመራ ከ100 ታማሚዎች ከ90 በላይ በሚሆኑት ላይ ያገኘዋል። ዳይቨርቲኩላይተስ ነው ብሎ ከተናገረ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይሳሳትም። ለዚህ ሥራው ሙሉ ምስጋና ይገባዋል።

ምልክቶቹም ግልጽ ናቸው። የሲግሞይድ፣ ማለትም ከፊንጢጣ በላይ ያለው የትልቁ አንጀት ጥምዝ ክፍል፣ ግድግዳ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወፍራል፣ በዙሪያው ያለው ጥቁር መታየት የነበረበት ስብ ይደፈርሳል፣ ከረጢቶቹም ራሳቸው ይታያሉ። የታቆረ መግል ካለ ስፋቱ ይለካል፤ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ካለፈ በምስል እየተመሩ በቱቦ ማውጣት ይቻል እንደሆነ መነጋገር ይጀመራል።

ችግሩ የሚመጣው አንጀቱ ሲበሳ ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የሂንቺ ደረጃ በ1978 ሲወጣ ሆድ ተከፍቶ በዓይን ለሚታይ ነገር ነበር፦ 1ኛ ከአንጀቱ አጠገብ የታቆረ መግል፣ 2ኛ ራቅ ብሎ ዳሌ ውስጥ የታቆረ፣ 3ኛ በሆድ ዕቃ ሁሉ የተሰራጨ መግል፣ 4ኛ የተሰራጨ ሰገራ። ሲቲ ስካን ይህን ደረጃ ሲዋስ 3ኛውን ከ4ኛው መለየት ይቸግረዋል፤ ቀጠን ያለ ሰገራና መግል በምስሉ ላይ የሚሰጡት ግራጫ ቀለም ተመሳሳይ ነውና። 3ኛ ደረጃ የሆነውንም ብዙ ጊዜ 1ኛ ወይም 2ኛ ነው ብሎ ያሳንሰዋል። በአንጀት እጥፋቶች መካከል በስሱ የተለበጠ መግል ለምስል አይታይም፤ ሐኪሙ እጁን ሲያስገባ ግን ወዲያው ያገኘዋል። በምርመራውና በቀዶ ጥገናው መካከል ያለፉት ሰዓታትም ይቆጠራሉ፤ ጠዋት የታቆረው ማታ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር አንድ ሚዛን መያዝ አለበት። ሆዳቸው የሚከፈተው በጠና የታመሙት ብቻ ስለሆኑ ምስሉ ከቀዶ ጥገናው ጋር የሚነጻጸረው እጅግ በከበዱት ላይ ነው። በመድኃኒት የዳኑት ብዙዎች በዚህ ንጽጽር ውስጥ የሉም።

ልዩነቱ ለታማሚው ትልቅ ነው። መግል ብቻ ከሆነ በላፓሮስኮፒ (በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና መሣሪያ) ማጠብ እንደ አማራጭ ይታያል፤ ሰገራ ከሆነ ግን የተበሳው አንጀት ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ ብዙ ጊዜም ኮሎስቶሚ፣ ማለትም ሰገራ በሆድ ቆዳ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እንዲወጣ ማድረግ፣ ይከተላል። ስካንዲቭ የተባለው በስዊድንና በኖርዌይ ተካሂዶ በ2015 የታተመው ጥናት 199 ታማሚዎችን ሲመዘግብ ከአንጀት ውጭ የወጣ አየር በሲቲ ስካን መረጋገጡን መስፈርት አድርጎ ነበር፤ ቢሆንም 28ቱ ውስጥ የተሰራጨ ሰገራ የተገኘው በቀዶ ጥገናው ነው። በማጠብ ከታከሙት መካከል ደግሞ 4 የሲግሞይድ ካንሰሮች አምልጠዋል። እኛ ከሁሉ በላይ የምንሰጋው ይህንን ነው። አጭር ቦታ ላይ በድንገት የወፈረ ግድግዳ፣ በአካባቢው ያበጡ ሊምፍ ኖዶች (ንፍፊቶች)፣ ስቡ እምብዛም ሳይደፈርስ ግድግዳው ብቻ መወፈሩ ወደ ካንሰር ያመለክታሉ፤ ረጅም ክፍል ተይዞ ስቡ በጣም ሲደፈርስ ደግሞ ወደ ከረጢቶቹ መቆጣት። ሁለቱ ስለሚደራረቡ፣ በተለይ መግል የቋጠረ ወይም የተበሳ ከነበረ፣ ካገገመ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት ከውስጥ በካሜራ ማየት) መደረግ አለበት።

ምርመራው ዋጋውን እንዲያወጣ በደም ሥር ኮንትራስት (ምስሉን የሚያደምቅ ፈሳሽ) ተሰጥቶ 70 ሰከንድ ገደማ ሲሆን መነሳት አለበት። ያለ ኮንትራስት የመግል ቋቱ ጠርዝ አይደምቅም፤ በፈሳሽ የተሞላ ጤነኛ አንጀት መግል ይመስላል። ስለዚህ አስቀድሞ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒን ይለካ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ለኮንትራስት አለርጂ ያለበት ወይም እርጉዝ የሆነች ታማሚ ይናገሩ። ምስሉ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ ስስ ቁራጭ ይታይ፤ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱም፣ በሳንባ መስኮት (አየር ለይቶ በሚያሳይ የምስል ማስተካከያ) ይመልከተው፤ ከሲግሞይድ ጎን ያለች ትንሽ የአየር አረፋ በተለመደው መስኮት ከስብ ጋር ተመሳስላ ትታለፋለች። ከጉበት ፊት ለፊት ያለውን ቦታም መፈተሽ አይርሳ።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ሲግሞይድ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታሰበው መጠምዘዙ ነው፤ ለአንጀት መዘጋት ዋነኛ ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ። በምሥራቅ እስያ ደግሞ ዳይቨርቲኩላይተስ በቀኝ በኩል ስለሚበዛ ከትርፍ አንጀት ጋር ይምታታል።

ሪፖርት ሲደርስዎ «ሂንቺ 2» የሚል ቁጥር ብቻ ካለበት ራዲዮሎጂስቱን መልሰው ይጠይቁ፦ አየሩ ከአንጀቱ አጠገብ ነው ወይስ ርቆ ሄዷል? ፈሳሹ በስንት ቦታ አለ? የቋቱ ስፋት ስንት ነው? ወደ ቋቱ መርፌ የሚያስገባ መንገድ አለ ወይ? ሆዱ እንደ ጣውላ ከደነደነና የልብ ምቱ እየፈጠነ ከሄደ ግን ሪፖርቱ ቀላል ነው ቢልም ታማሚው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል መሄዱ አይዘገይ።