ከቆርቆሮ ሥር የሚነጠፍ ባለ አረፋ ፎይል፦ ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ

በባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ለሠራነው ቤት ከክዳኑ ቆርቆሮ ሥር ያስነጠፍነውን ፎይል የገዛነው ሙቀትን እንዲከላከልልን ነበር፤ በዚህ በኩል የሚነቀፍ ነገር አላገኘሁበትም። በሁለቱም ገጹ አሉሚኒየም የለበሰ፣ መሐሉ የአየር አረፋ የያዘ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቅል ነው። በሚያዝያ ቀትር እንኳ ኮርኒሱ በእጅ ሲዳሰስ አያቃጥልም፤ ቀድሞ በተከራየነው ቤት ግን በዚያ ሰዓት የምንቀመጠው በረንዳ ላይ ነበር። የዝናቡን ጩኸት እምብዛም አይቀንስም፤ በረዶ ሲጥል መደማመጥ ያው አስቸጋሪ ነው።

ቅሬታዬ ጤዛውን ይመለከታል። ክረምቱን በሙሉ ጠብታ ያላሳለፈው ጣሪያ፣ ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ንጋት ንጋት ላይ ኮርኒሱን ያርሰው ጀመር። የምስማር ቀዳዳ መስሎን ሁለት ጊዜ አስደፈንነው፤ ዝናብ በሌለበት ወር የሚያፈስ ጣሪያ ከየት ይመጣል ብለን የጠየቅነው ዘግይተን ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከዙሪያው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ የሐይቁ ዳር አየር ርጥብ ነው፤ በዚያ ላይ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ፣ የምጣዱና የጀበናው እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ የሆነ አየር 14 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ውኃ ይቋጥራል፤ የኅዳር ሌሊት ደግሞ ቆርቆሮውን ከዚያ በታች ያወርደዋል።

ስለዚህ ጥፋቱን በዕቃው ላይ ብቻ መጣል አይገባም። የገጠሙት ሠራተኞች ፎይሉን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቀው፣ መጋጠሚያዎቹን ሳያሽጉ፣ የክዳኑን ጠርዝ ደግሞ ወፍ እንዳይገባ ብለው በሲሚንቶ ደፍነው ሄዱ። አሉሚኒየም የሚመጣበትን የሙቀት ጨረር የሚመልሰው ከፊቱ ክፍት አየር ሲኖር ነው፤ ከብረት ጋር ሲጣበቅ ግን እንደ ብረቱ ይቀዘቅዛል። የሸጠልን ሰው ስለዚህ ክፍተት ያለን ነገር የለም፤ ጥቅሉም ላይ በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ አልነበረም።

ዘንድሮ በሌላ አናጢ አንዱን ተዳፋት አስነቅለን፣ በፎይሉና በቆርቆሮው መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ አስገባን፤ መጋጠሚያውን በአሉሚኒየም ፕላስተር አሸግን፤ የተደፈነውን ጠርዝ አስከፍተን ወንፊት አስለበስነው፤ በጣሪያው ሁለት ጫፎችም የአየር መውጫ አወጣን። ለማስነቀያና ለማስገጠሚያ የከፈልነው ከፎይሉ ዋጋ በለጠ። ያልነካነው ተዳፋት አሁንም ያልባል፤ የተስተካከለው ግን ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ ካለችው ጥግ በቀር ደርቋል፤ እዚያ እንፋሎቱ በመስኮት እንዲወጣ ገና አላደረግንም። ቆርቆሮ ላልመታ ሰው ዕቃውን እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ኮርኒሱን ለጨረሰ ሰው ግን ከፎይሉ በፊት የአየር መውጫውን እንዲያስከፍት እመክረዋለሁ።