ባህር ዳር ላይ ቤተሰብ ይዞ፦ መከራየት ወይስ በማህበር መሥራት?

ባህር ዳር ውስጥ ልጆች ይዞ በደመወዝ ለሚኖር ሰው ጥያቄው ይሄ ነው። ወይ ይከራያል፣ ወይ በቤት ሥራ ማህበር ተደራጅቶ የራሱን ቤት ይሠራል።

ኪራይ ቶሎ ያስገባችኋል። ቀበሌ 14 ወይም ጊዮርጊስ አካባቢ ከሆነ ገበያውም ሥራውም ቅርብ ነው። ለባጃጅ የሚወጣው ገንዘብ ይተርፋል። ችግሩ ዋስትና የለውም። አከራይ "ልጄ ሊያገባ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ" ካለ ዕቃ መጫን ነው፤ ልጆች በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ፣ ይሄ እኔን ከዋጋው በላይ ያንገበግበኛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ግን የሚሠራው ክልሎች በወሰኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ማህበር ሌላ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ዝግ ሂሳብ (እንደፈለጉ የማያወጡበት የባንክ ሂሳብ) ይገባል፣ ቦታው እስኪሰጥ ይጠበቃል፣ ያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ ኪራዩ አይቆምም። ሲሚንቶና ብረት ይጨምራል። ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ዳር ነው፤ መብራትና ውሃ ዘግይቶ ይመጣል። ግን የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ነው፣ አከራይ መጥቶ ውጡ አይላችሁም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቁጠባችሁ አንድ ክፍልና ኩሽና የሚያስጨርስ ከሆነ ማህበር ግቡ። ጣሪያው ከተመታ ግቡበት፣ ልስኑ ይደርሳል። ካልሆነ ግን ኪራይም ዕዳም አብሮ ከመሸከም፣ ለጊዜው በጽሑፍ ውል ተከራዩ።