የኢፌክት ሳጥን ወይስ የኮምፒውተር ኢፌክት? የቤት ስቱዲዮ ገንዘብ የት ይዋል

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ሦስት ወዳጆቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው መጡ። ሦስቱም ቤታቸው ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ማቋቋም ይፈልጋሉ። ሦስቱም ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመዋል። የሦስቱም ዓይን ያረፈው ግን ፊቱ ላይ መርፌ የሚወዛወዝበት፣ ማዞሪያዎቹ የሚያብረቀርቁ የብረት ሳጥን ላይ ነው፤ የድምፅን ከፍታና ዝቅታ የሚያመጣጥነው ኮምፕሬሰር። «ኮምፕሬሰሩን ልግዛ ወይስ በሶፍትዌር ልሥራ?» ይላሉ።

መልሴን ሳልሸሽግ ልናገር። ኢፌክቱን፣ ማለትም ድምፅ የሚለውጠውን መሣሪያ፣ ከኮምፒውተሩ ውሰዱ፤ ገንዘቡን ድምፁ መጀመሪያ ለሚገባበት ዕቃ፣ ለማይክሮፎንና ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተሩ ለሚያገናኘው ኢንተርፌስ አውሉት። ይህን የምለው ሳጥን ጠልቼ አይደለም። ሁለት ገዝቼ አንዱን በኪሳራ ሸጫለሁ፤ ሁለተኛው አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አቧራ እየጠጣ ተቀምጧል።

ዋጋ በየአገሩ ስለሚለያይ በገንዘብ ስም አልቆጥርም። ሁለት መግቢያ ያለውን ተራ ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ አዲሱን፣ «አንድ እጅ» እለዋለሁ፤ ሌላውን ሁሉ በእርሱ እለካለሁ። ይህን ልማድ ከያዝኩ ወዲህ ብዙ ግዢ ገና ከሐሳብ ሳያልፍ ቀርቶልኛል።

የመጀመሪያው ሳጥኔ ያገለገለ ኮምፕሬሰር ነበር። አዲሱ ሦስት እጅ የሚያወጣውን በሁለት እጅ ስላገኘሁት አተረፍኩ ብዬ ተደስቼ ነበር። ቤት ወስጄ ልሰካው ስል መሰኪያ አጣሁለት። ኢንተርፌሴ ያለው ሁለት መውጫ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ለድምፅ ማጉያዎቹ ተይዘዋል። አስቀድሞ የተቀዳን ድምፅ ወደ ሳጥኑ ልኮ መልሶ ለመቅዳት ደግሞ ትርፍ መውጫና ትርፍ መግቢያ ያስፈልጋል። ይህን ሻጩም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ አራት መውጫ ያለው ኢንተርፌስ በአንድ እጅ ተኩል ገዛሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ምንም ያልጎደለበትን የድሮ ኢንተርፌሴን በግማሽ እጅ ሰጠሁት። ለሁለት ባላንስድ ኬብሎች ሩብ እጅ ከፈልኩ። ስደምረው «የሁለት እጅ ዕቃ» ሦስት እጅ ከሩብ አወጣብኝ። ያም ለአንድ ቻናል ብቻ ነው። የግራና የቀኙን ድምፅ በአንድ ጊዜ ላሳልፍ ብል ሁለተኛ ሳጥንና ሌላ ሁለት ኬብል ያሻኛል።

ከዓመት በኋላ ማዞሪያዎቹን በነካኋቸው ቁጥር ይንጫጩ ጀመር። ባለሙያው ከፍቶ በማጽጃ ስፕሬይ ነፋቸውና ሩብ እጅ ተቀበለኝ። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ጠርሙሱ ያለው ሰው ቤቱ ሊያደርገው ይችል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሳጥኑን በአንድ እጅ ተኩል ሸጥኩት።

የጊዜውን ዋጋ ገና አልቆጠርኩም። በሳጥን የሚያልፍ ድምፅ በሩጫ አያልፍም። የአራት ደቂቃ ዘፈን አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሳጥኑ አንድ ከሆነ ድምፃዊው፣ ቤዙ፣ ጊታሩ፣ ከበሮው በየተራ ወረፋ ይጠብቃሉ። አሥር ትራክ ማለት 40 ደቂቃ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። በማግስቱ «ድምፁን ትንሽ ለቀቅ አድርገው» ከተባለ ማዞሪያዎቹ የነበሩበትን ቦታ ማስታወስ ግዴታ ነው። ስልኬ በማዞሪያ ፎቶግራፍ ተሞልቶ ነበር። በሶፍትዌር ግን ያንኑ ኮምፕሬሰር በአሥሩም ትራክ ላይ በአንድ ጊዜ ማዋል ይቻላል፤ ፕሮጀክቱ ከወር በኋላ ሲከፈትም ሁሉም ቅንብር እንደተተወ ይገኛል።

«የድምፁ ጥራትስ?» ለሚለኝ አንድ ጊዜ ራሴን ፈትኜዋለሁ። ያንኑ የዘፈን ድምፅ በሳጥኑም በሶፍትዌሩም አሳለፍኩና የሁለቱን መጠን አስተካከልኩ። ይህ ማስተካከል ካልተደረገ ፈተናው ከንቱ ነው፤ ጆሮ ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ ያለውን «የተሻለ» ይላል። ከዚያ ሌላ ሰው ከኋላዬ እያቀያየረ አሥር ጊዜ አሰማኝ። ስድስቱን አገኘሁ። ሳንቲም ወርውሬም አምስት አገኝ ነበር። ለአንዲት ትርፍ ሦስት እጅ ከሩብ መክፈሌ ነው።

ኮምፒውተሩን ግን መልአክ አላደርገውም። በሰከንድ 48,000 ናሙና በሚቀዳ ፕሮጀክት በፈሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የናሙና ብዛት፣ 128 ላይ ሲሆን መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ 2.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ 1,024 ላይ ሲደርስ 21 ያልፋል። በዚህኛው ዘፋኙ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ስለሚሰማ ይሰናከላል። ሲቀዱ በፈሩን ዝቅ፣ ሲያቀናብሩ ከፍ ማድረግ ነው መፍትሔው። አናሎግ ሳጥን ይህ ችግር የለበትም፤ ይህን አልክድም።

ሁለተኛው ችግር ዕድሜ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ማክኦኤስ ካታሊናን ሲያወጣ የ32 ቢት ፕሮግራሞችን ጨርሶ ዘጋቸው፤ ያልታደሱ የድሮ ፕለጊኖች፣ በመቅጃ ፕሮግራም ውስጥ የሚገቡት የሶፍትዌር ኢፌክቶች፣ በአንድ ሌሊት ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1967 የተነደፈው የዩኒቨርሳል ኦዲዮ 1176 ኮምፕሬሰር ግን መለዋወጫ እስካለ ድረስ ዛሬም ይጠገናል። በወር ኪራይ የሚሰጡ ፕለጊኖች ደግሞ ክፍያው ሲቆም ይዘጋሉ፤ የድሮው ዘፈን ይከፈታል እንጂ ኢፌክቱ አይሰማም። እኔ ኪራይ አልወድም። ማንኛውንም ሥራ ስጨርስ ኢፌክት የገባበትን ትራክ ሁሉ ወደ ተራ የድምፅ ፋይል ለውጬ አስቀምጣለሁ። መልሶ መሸጡንም እርሱት፤ ብዙው ፈቃድ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው እንደ ልብ አይዛወርም።

ይሁንና መነሻው ዋጋ ዜሮ ነው። የመቅጃ ፕሮግራሞች ማለት ይቻላል ሁሉም ኮምፕሬሰር፣ ኢኩላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ማመጣጠኛ)፣ ዲሌይ (ድምፅ መደጋገሚያ) እና ሪቨርብ (የማስተጋባት ኢፌክት) ይዘው ይመጣሉ። ሪፐር ለ60 ቀናት ያለ ክፍያ ይሞከራል። ጋራጅባንድ ለማክ ተጠቃሚ ነፃ ነው። ከእነዚህ ጋር የመጡትን ኢፌክቶች አንድ ዓመት ሙሉ ሳታውቁባቸው ፕለጊን አትግዙ። ከገዛችሁም በሙሉ ዋጋ አትግዙ፤ ቅናሽ የማይመጣበት ወቅት የለም።

አሁን ገንዘቡ መሄድ ወዳለበት እንምጣ። አንደኛው ወዳጄ ሹር ኤስኤም 7ቢ ማይክሮፎን ካልገዛሁ ብሎ ነበር፤ ምክንያቱ ቪዲዮ ላይ ያየው ሰው ሁሉ ከፊቱ የሚገትረው እርሱን መሆኑ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ማይክሮፎኑ ግሩም ነው፤ ዋጋው ግን ወደ ሁለት እጅ ይጠጋል። አምራቹ ራሱ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ማጉያ ይፈልጋል ይላል። ብዙ ተራ ኢንተርፌሶች እዚያ ከመድረሳቸው በፊት የሽሽሽታ ድምፅ ያሰማሉ፤ ስለዚህ መሃል ላይ የሚገባ ማጉያ ሌላ ግማሽ እጅ ይጠይቃል። የሹር ኤስኤም 57 ወይም 58 ማይክሮፎን በግማሽ እጅ ይገኛል፤ ምንም ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቅም። ኮንደንሰር ማይክሮፎን በተመሳሳይ ዋጋ አለ፤ ነገር ግን ግድግዳው ባዶ በሆነ ክፍል ውስጥ ማራገቢያውን፣ ጎረቤቱንና የግድግዳውን ማስተጋባት ሁሉ አብሮ ይቀዳል። ክፍላችሁ ብርድ ልብስና የልብስ ቁም ሳጥን እስኪያገኝ ይቆይ።

ግማሽ እጅ ስላልኩ በሩብ እጅ የሚሸጥ ኤስኤም 58 ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ከወጣበት ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዓለም ላይ በብዛት ተመሳስለው ከሚሠሩ ማይክሮፎኖች አንዱ ሆኗል፤ እኔም ከተታለሉት አንዱ ነኝ። ካርቶኑ፣ ቦርሳው፣ የዋስትና ወረቀቱ ሳይቀር ተሟልቶ ነበር። ድምፁ ግን ብርድ ልብስ ተሸፋፍኖ የሚናገር ሰው ይመስላል። ኢንተርፌሱን፣ ኬብሉን፣ ጉሮሮዬን ሳይቀር ጠረጠርኩ። በመጨረሻ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። እውነተኛው 298 ግራም ይመዝናል፤ የእኔው 231 ላይ ቆመ። ከበታቹ ያለችውን ጥቃቅን ብሎን ፈትቼ መሰኪያውን ሳብኩት። በእውነተኛው እጀታ ውስጥ ትንሽ ትራንስፎርመር ተጣብቆ ይገኛል። በዚህኛው ግን ጸጉር የመሰሉ ሁለት ሽቦዎች ከላይ ወርደው በቀጥታ ከመሰኪያው ተበይደዋል፤ ሌላው ባዶ ቱቦ ነው። ብየዳው ራሱ የጠዋት ጤዛ ይመስል ተንጠባጥቧል። አንዳንዱ አስመሳይ ውስጡ ቁራጭ ብረት ሊጨመርበት ስለሚችል ሚዛን ብቻውን አያድንም፤ ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ ያሳብቃል። ሻጩ ስልኩን ማንሳት አቆመ፤ እኔም ሩብ እጄን ረሳሁ።

ሳጥን ይገዛ የምልበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የጊታር ፔዳል፣ በእግር የሚጫነው የኢፌክት ሳጥን፣ ነው። ጊታሪስት ዲስቶርሽኑን፣ ድምፁን የሚያሻክረውን ኢፌክት፣ የሚጫወተው በእግሩና በጣቶቹ ነው፤ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ የሚጨመር አይደለም። እዚህ ላይ ምርጫዬ ያገለገለ ኦሪጅናል ነው። ቦስ ዲኤስ 1 የተባለው የዲስቶርሽን ፔዳል እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ይሠራል፤ ያገለገለው የአዲሱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ያወጣል፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በዚያው ዋጋ ይሸጣል። አስመስሎ የተሠራው በሲሶው ዋጋ ይገኛል፤ ሲሸጥ ግን ጠያቂ የለውም። አንድ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ቀን አበላሸሁ። ፔዳሎች በአብዛኛው 9 ቮልት ይፈልጋሉ፤ የመሰኪያው መሃል ደግሞ ነጌቲቭ ነው። እኔ የሰካሁት የሌላ ዕቃ አዳፕተር መሃሉ ፖዘቲቭ ነበር። ፕላስቲክ የተቃጠለ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ባለሙያው የኦሪጅናሉን አራት ብሎኖች ፈትቶ የጠቆረች ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ ክፍል፣ አሳየኝ። «ይቺ ናት ራሷን ሠውታ ሌላውን ያዳነችው» አለና በሌላ ተካት፤ ዳዮዷ ከምንም የማትቆጠር ዋጋ ናት። ሁለተኛውን ከፈተና መልሶ ገጠመው። «ወንድሜ፣ ይህ ይጣላል» አለኝ። መከላከያ ዳዮድ የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ጃኩም ማዞሪያውም በአንዲት ስስ ሰሌዳ ላይ የተጣበቁ ናቸው፤ ሰሌዳዋም ተሰንጥቃለች። አዳፕተር ስትገዙ የመሰኪያው መሃል ፖዘቲቭ ይሁን ነጌቲቭ የምታሳየውን፣ ከጀርባው ያለችውን የክብና የነጥብ ሥዕል ሳታዩ አትሰኩ።

መደርደሪያዬ ላይ የቀረው ሁለተኛው ሳጥን ዲጂታል ሪቨርብ ነው። ከሌላ አገር የመጣ፣ 120 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ነበር። ጽሑፉን ያነበብኩት 230 ቮልት ላይ ሰክቼው አንድ ጊዜ ጧ ካለ በኋላ ነው። ፊውዙ ተቀየረ፣ እንደገና ተቃጠለ፤ ትራንስፎርመሩም ሄዷል። የማስታወሻ ባትሪውም ከውስጥ የተበየደና ያለቀ ስለሆነ፣ ቢጠገን እንኳ ያስቀመጥኩትን ቅንብር ሁሉ ይረሳል። የጥገናው ግምት አንድ እጅ ነው፤ ሳጥኑን ራሱን የገዛሁት በአንድ እጅ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ካማራችሁ ሻጩ ፊት ሰኩት፣ ሁሉንም ቁልፍ ተጫኑ፣ አጥፍታችሁ አብሩትና የመጨረሻውን ቅንብር ያስታውስ እንደሆነ እዩ።

ሦስተኛው ወዳጄ ኪሱ ውስጥ የነበረው ሁለት እጅ ነው። አንዱን ለኢንተርፌስ፣ ግማሹን ከታወቀ ሻጭ ለተገዛ ኤስኤም 58፣ የቀረውን ዝግ ለሆነ የጆሮ ማዳመጫና ለአንድ ደህና ኬብል አዋለው። «ለኢፌክቱስ ምን ቀረኝ?» አለኝ። ምንም፣ አልኩት። ትናንት የመጀመሪያ ቅጂውን ላከልኝ። ሪቨርቡን ከመጠን በላይ አብዝቶታል፤ መቀነሻው ግን ገንዘብ አይጠይቅም።