ከ9ኛ ክፍል መጀመር ወይስ 12ኛን መጠበቅ?

ለኮሌጅ መዘጋጀትን እስከ መጨረሻው ዓመት የሚያቆይ ተማሪ የሚያተርፈው ነገር አለ፤ የሚወደውን ትምህርት ለመለየት ጊዜ ያገኛል። የፈተናን አቀራረብም በጥቂት ወራት መልመድ ይቻላል።

ሒሳብ ግን አይጠብቅም። በ9ኛ ክፍል አልጀብራ ላይ የተፈጠረ ክፍተት ትሪጎኖሜትሪ ላይ ይከተላል፤ ካልኩለስ ላይ ሲደርስ ጭራሽ መንገድ ይዘጋል። ንባብም እንዲሁ ነው፤ የቃላት ሀብት በጥቂት ሳምንታት ሽምደዳ አይሞላም። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያነበበ ልጅ በ4 ዓመት ከ700 ሰዓት በላይ ያጠራቅማል፤ ይህን በመጨረሻው ዓመት ማካካስ እጅግ ከባድ ነው። የአራቱንም ዓመት ውጤት የሚያዩ ኮሌጆችም አሉ።

እኔ ቀድሞ መጀመርን እመርጣለሁ። የሙያ ምርጫን ግን እባካችሁ በ14 ዓመት ልጅ ላይ አትጫኑ፤ እሱ ቢዘገይ ይሻላል።