«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ስለተባላችሁ ብቻ እንዳትከፍሉ

የእናታችሁ ወይም የወንድማችሁ ዴስክቶፕ አልበራ ብሎ ጥገና ቤት ስትወስዱት፣ ክዳኑ እንኳ ሳይከፈት «ማዘርቦርዱ (የውስጥ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ካሏችሁ ይዛችሁት ተመለሱ። መብራቱ የማይበራ፣ ፋኑ የማይዞር ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው የቆርቆሮ ሣጥን ነው።

መጀመሪያ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ሞክሩ፣ የኃይል ገመዱንም ቀይሩ። ከኬዙ ጀርባ ያለችው ማብሪያ ማጥፊያ ሳትታወቅ ተጠፍታ የምትገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ካልሆነ ገመዱን ከግድግዳው ነቅላችሁ፣ ከፓወር ሰፕላዩ የወጡትን ሽቦዎች ሁሉ ከውስጥ ንቀሉ። ባለ 24 ቀዳዳው ትልቁ ማገናኛ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በወረቀት ማያያዣ ሽቦ አገናኙና የኃይል ገመዱን መልሳችሁ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ሽቦዎቹ በሙሉ ጥቁር ከሆኑ በግምት አትሞክሩ። ፋኑ መዞሩ ብቻ ግን ደህንነቱን አያረጋግጥም፤ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስትለኩት ቢጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መስጠት አለበት። የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ።

ልኬቱ ትክክል ከሆነ ገመዱን ከግድግዳው ነቅላችሁ፣ የወረቀት ማያያዣውን አውጥታችሁ፣ ሁሉንም መልሳችሁ ገጥማችሁ፣ ከፊት የማብሪያ ቁልፍ የሚመጣውን ባለ ሁለት ቀዳዳ ሽቦ ከማዘርቦርዱ ንቀሉና ሁለቱን ፒኖች በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ለአፍታ አነካኩ። ከተነሳ የተበላሸው ቁልፉ ብቻ ነው! ማዘርቦርድ የሚጠረጠረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢቀየር አሮጌውን ተረከቡ፣ ከመስጠታችሁ በፊትም የመለያ ቁጥሩን ፎቶ አንሱት።

ልኬቱ ትክክል ካልሆነና ፓወር ሰፕላዩ የሚቀየር ከሆነ፣ ሌላው ወጥመድ ምትኩ ነው። በትልቁ «500 ዋት» የተጻፈበትን ርካሽ ፓወር ሰፕላይ አትመኑ፤ ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። በ12 ቮልቱ መስመር 16 አምፔር ብቻ ከተጻፈ፣ 12 ሲባዛ በ16 192 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ የሚጠቀሙት በዋናነት ይህንኑ መስመር ነው። ክብደቱ ከመጠን በላይ የሚቀል ከሆነም ውስጡ ትንሽ ትራንስፎርመርና ጎዶሎ መከላከያ እንዳለው ጠርጥሩ፤ እንዲህ ያለው ሲበላሽ ከልክ ያለፈ ቮልት ለቆ ደህናውን ማዘርቦርድ ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ወደ ውስጥ ዕቃዎቹ የሚሄዱት ገመዶች ከራሱ የሚነቀሉበት ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ከገዛችሁ ደግሞ «የድሮው ገመድ ይሠራል» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ማገናኛው ልክ ቢገባም የሽቦዎቹ አቀማመጥ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ 5 ቮልት በሚጠብቅ ሃርድ ዲስክ ላይ 12 ቮልት ገብቶ የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።