ካራክተር አኒሜሽን ከባሕር ዳር ሆኖ መማር፦ የትኛው የኦንላይን ኮርስ ያዋጣል?

ባሕር ዳር ውስጥ ካራክተር አኒሜሽን፣ ማለትም ገጸ ባሕርይን በኮምፒውተር ማንቀሳቀስ፣ መማር የሚፈልግ ወጣት እየበዛ ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፖሊ ግቢም ሂዱ ፔዳ፣ ብሌንደር የተባለውን የአኒሜሽን ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ የጫነ ተማሪ አታጡም። ሁሉም የሚጠይቁት ያው ነው፤ «የቱን ኮርስ ልግዛ?» ምርጫው ብዙ ቢመስልም ሲጠቀለል ሦስት ነው። ባለሙያ በየሳምንቱ ሥራችሁን የሚያርምበት የኦንላይን ትምህርት ቤት አለ። ተቀርጾ የተቀመጠ፣ ገዝታችሁ በራሳችሁ ሰዓት የምታዩት ኮርስ አለ። ከዩቲዩብ በነፃ እየለቃቀሙ መማርም አለ።

እኔ ሦስቱን የማወዳድረው በእርማት ነው። የአኒሜሽን መሠረታዊ ሕጎች ድብቅ አይደሉም። የዲዝኒ አኒሜተሮች ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን 12ቱን መርሆች ጽፈው ያወጡት በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ሁሉንም ዩቲዩብ ላይ አይቶ መጨረስ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሠራችሁት ካራክተር ይራመዳል፣ ግን ክብደት የለውም። የሆነ ነገር ጎድሎታል፤ ምን እንደሆነ ግን አይታያችሁም። ያንን የሚያሳያችሁ የሌላ ሰው ዓይን ነው። ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባውም እሱ ነው።

ጣና ዳር ወርዳችሁ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው በስልካችሁ ቀረጻችሁ እንበል። ያንን እያያችሁ ብሌንደር ላይ ስትሠሩት መጀመሪያ የምታንቀሳቅሱት እጁን ነው። እጁ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም ምስል በምስል፣ ስታዩት ግን እጁ ከኋላ የሚከተል ነው። መጀመሪያ ወገብ ያዘነብላል። ትከሻ ይከተላል፣ ከዚያ ክርን፣ ከዚያ መቅዘፊያው። መቅዘፊያው ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃው ይይዘዋል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሲወጣ ቀለል ብሎት ይፈጥናል። ጥሩ አስተማሪ ሥራችሁን አይቶ «ወገቡን 3 ወይም 4 ፍሬም አስቀድመው፣ ውኃ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ አስረዝመው» ይላችኋል። አንዲት አጭር አስተያየት ናት፤ ብቻችሁን ሆናችሁ እሷን ለማግኘት ግን ሳምንታት ሊፈጅባችሁ ይችላል። በነገራችን ላይ ብዙ ስልኮች የሚቀርጹት በሰከንድ 30 ፍሬም ነው። አኒሜሽን በተለምዶ የሚሠራው በ24 ነው። ፍሬም ቆጥራችሁ ከማወዳደራችሁ በፊት ሁለቱን አንድ አድርጉ።

አራሚ ያለበት ትምህርት ቤት

እዚህ መደብ ውስጥ ስማቸው የሚነሣው አኒሜሽን ሜንተር፣ አይአኒሜት እና አኒምስኩል ናቸው። አኒሜሽን ሜንተር በ2005 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን መሥራቾቹ ሦስት አኒሜተሮች ነበሩ። ሁለቱ ከእሱ በኋላ የመጡ ናቸው። አሠራራቸው ይመሳሰላል። ትምህርቱ በተርም ይከፈላል፣ አንዱ ተርም ሦስት ወር አካባቢ ነው። በየሳምንቱ የቤት ሥራ ታስገባላችሁ። ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ሥራችሁን ከፍቶ፣ ላዩ ላይ እየሣለ፣ እየተናገረ ያርማችኋል። በሳምንት አንዴ ደግሞ በቀጥታ የምትገናኙበት ክፍለ ጊዜ አለ።

በእርማት ጥራት እነዚህን የሚያክል የለም። ይህን ያለ ምንም ማቅማማት እናገራለሁ። ግን ዋጋው ከባድ ነው። አንዱ ክፍል ብቻ ሺህ ዶላርን ይሻገራል። ብር በገበያ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ አንድ ተርም ማለት ከመቶ ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካልከፈለላችሁ ወይም ከባንካችሁ ዓለም አቀፍ ካርድ ካላገኛችሁ፣ ብሩ በእጃችሁ እያለ እንኳ መክፈያ መንገዱ ራሱ ያደክማችኋል።

ቀጥሎ ሶፍትዌሩ አለ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በዋናነት የሚያስተምሩት አውቶዴስክ የተባለው ኩባንያ በሚሸጠው ማያ በተባለ ፕሮግራም ነው። ማያ ውድ ነው፤ ሆኖም አውቶዴስክ ተማሪነቱን ላረጋገጠ ሰው የትምህርት ፈቃድ በነፃ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እያላችሁ ተጠቀሙበት። ስትመረቁ ግን ያ ፈቃድ ያበቃል፣ በእሱ የገንዘብ ሥራ መሥራትም አይፈቀድም።

ብዙ ሰው ሳያስበው የሚመዘገበው ደግሞ ሰዓቱን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሥራ መልስ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ የሚሰጥ ክፍል ለእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት ይሆናል። የእኛ ሰዓት አይቀየርም፣ የክፍሉ ሰዓት ግን በተርሙ መሀል ሊዞርባችሁ ይችላል። በእነሱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የሚያስተምር አራሚ ካገኛችሁ ለባሕር ዳር ምሽት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይወድቃል፤ ይህ ጥሩ ሰዓት ነው። ስለዚህ አራሚ ስትመርጡ ከስሙ በፊት ሰዓቱን እዩ። ሌሊት ተነሥቶ መማር ይቻላል ትሉ ይሆናል። ለአንድ ሳምንት ይቻላል። ለሦስት ወር ግን፣ ቀን ክፍል ወይም ሥራ ያለበት ሰው፣ አይችለውም።

ኢንተርኔቱስ? እዚህ ላይ ሰው በማይገባው ቦታ ይፈራል። የቤት ሥራ መላክ ቀላል ነው። የ10 ሰከንድ አኒሜሽን ስትልኩ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ናት፤ በሞባይል ዳታ ትሄዳለች። የአራሚውን ቪዲዮም አውርዳችሁ ደጋግማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከባዱ በቀጥታ የሚደረገው ክፍል ነው፤ መብራት ከሄደ ወይም ኔትወርክ ከወረደ አለፈ። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ያለ ነገር ቢፈጠር ትምህርት ቤቱ ተርሙን ያስተላልፍላችኋል ወይስ ገንዘቡ ይቀራል? ይህን በጽሑፍ ጠይቁ።

ተቀርጾ የተቀመጠ ኮርስ

ለብዙ የባሕር ዳር ተማሪ መጀመሪያ የምመክረው ይህንን ነው። የኦንላይን ኮርስ መሸጫው ዩዴሚ ላይ ቅናሽ ሲኖር ገዝቶ በስልክ መተግበሪያው አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማየት ይቻላል። የገዛችሁት ካልተመቻችሁ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ ገንዘባችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። የብሌንደር ሠሪዎች የፊልም ስቱዲዮ የሆነው ብሌንደር ስቱዲዮ በወር የሚከፈል ነው። ከትምህርቶቹ ሌላ እነሱ ራሳቸው ፊልም የሠሩባቸውን ፋይሎች ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ባለሙያው ግራፍ ኤዲተር ውስጥ፣ ማለትም እንቅስቃሴው በመስመር ተሥሎ በሚታይበት መስኮት፣ መስመሩን እንዴት እንዳስቀመጠ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ፒየሪክ ፒኮም በብሌንደር ብቻ የሚያስተምር ጠንካራ የአኒሜሽን ኮርስ አለው።

ግን ዝም ብላችሁ አትግዙ። «ካራክተር አኒሜሽን» የሚል ርዕስ ያለው ኮርስ ውስጡ ሲታይ ግማሹ ሞዴሊንግ (የካራክተሩን ቅርጽ መሥራት) እና ሪጊንግ (የሚንቀሳቀስበትን አጥንትና መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ሪጉን መሥራት) ሊሆን ይችላል። ሪግ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ አኒሜሽን ለመማር የተዘጋጀ ሪግ ይበቃል። ከመግዛታችሁ በፊት የትምህርቱን ዝርዝር ክፈቱ። የሚነጥር ኳስ አለ? ፔንዱለም አለ? አራቱን የእርምጃ አቋሞች፣ ማለትም እግር ሲያርፍ፣ ሰውነት ሲወርድ፣ እግር ሲያልፍና ሰውነት ሲነሣ፣ ለየብቻ ያስተምራል? ከባድ ዕቃ ማንሣት አለ? ብሎኪንግ (ዋና ዋና አቋሞቹን ማስቀመጥ) ከጨረሰ በኋላ ወደ ስፕላይን (ኮምፒውተሩ አቋሞቹን በለስላሳ እንቅስቃሴ ወደሚያያይዝበት ደረጃ) ሲሄድ መሀሉን ዘልሎታል ወይስ ቁጭ ብሎ እየሠራ ያሳያል? የጀማሪ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። በብሎኪንግ ያማረው አቋም ወደ ስፕላይን ሲቀየር ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ይሆናል፤ አስተማሪው ያንን ሲያስተካክል ማየት አለባችሁ። ደግሞም ኮርሱ የተቀረጸበትን የብሌንደር ቨርዥን ተመልከቱ። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው 2.8 በፊት የተሠራ ከሆነ ተዉት፤ የፕሮግራሙ ገጽታ ያኔ በጣም ተቀይሯል።

የዚህ አማራጭ ጉድለት አንድ ነው፤ አራሚ የለውም፣ ወይም ያለው በጣም ትንሽ ነው። አራሚ ግን በከተማችን መፍጠር ይቻላል። አራት ወይም አምስት ሆናችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ። በሳምንት አንድ ቀን ቁረጡና ሁሉም ሥራውን ይላክ። «አሪፍ ነው» ብሎ ማለፍ አይፈቀድ፤ እያንዳንዱ የፍሬም ቁጥር ጠርቶ አንድ ነገር ይበል። «ፍሬም 18 ላይ ጉልበቱ ይዘላል» የሚል አስተያየት የሚሰጥ ጓደኛ ካላችሁ ብዙ ርቀት ትሄዳላችሁ። ስቱዲዮ የሚሠራ ሰው አይተካም፣ ግን ዝምታን ይሰብራል።

ነፃው መንገድ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ብሌንደር ነፃ ነው። ብሌንደር ስቱዲዮ ሬይንና ስኖው የተባሉትን ካራክተሮች በነፃ ለቋቸዋል፣ ለልምምድ ከበቂ በላይ ናቸው። የአኒሜተሩ የአለን ቤከር የ12ቱ መርሆች ቪዲዮዎች ግልጽና አጫጭር ናቸው። የጎደለው ቅደም ተከተል ነው። ዛሬ ኳስ፣ ነገ የከንፈር ቅንብር (ከንፈርን ከንግግሩ ድምፅ ጋር ማስማማት)፣ ከነገ ወዲያ ፍልሚያ ትሠራላችሁ፤ አንዱም ሳይበስል ይቀራል። ገንዘብ ፈጽሞ ከሌለ የአንዱን የሚከፈል ኮርስ የትምህርት ዝርዝር እንደ መርሐ ግብር ወስዳችሁ ለእያንዳንዱ ርዕስ ከዩቲዩብ ፈልጉ።

አንድ ነገር ግን ከሦስቱም ላይ ስላላየሁት ልንገራችሁ። የከንፈር ቅንብር የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ድምፅ ነው። በአማርኛ ስትሠሩ ፊደል ገበታው ራሱ ይረዳችኋል። ካዕብና ሳብዕ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ። ራብዕ መንጋጋን ያወርዳል። መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ ላይ ከንፈር መገጠም አለበት፤ ካልተገጠመ ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል። «ወራጅ አለ!» በሉና መስታወት እዩ። «ወ» ላይ ከንፈር ወደ ፊት ይወጣል፣ «ራ» ላይ አፍ በሰፊው ይከፈታል፣ «ጅ» ላይ ጥርስ ይጠጋል። ከንፈር አንዴም አልገጠመም። መጀመሪያ የመንጋጋውን ከፍታና ዝቅታ ብቻ ሥሩ፣ ከንፈሩን በኋላ ጨምሩበት።

ታዲያ ለማን የቱ?

ተማሪ ከሆናችሁና 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ካላችሁ፣ አንድ የተቀረጸ የብሌንደር ኮርስ ግዙ፣ የጓደኞች ግሩፕ ፍጠሩ። ለልምምድ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም፤ አኒሜሽኑን ከቪውፖርት፣ ማለትም ከምትሠሩበት መስኮት፣ ቀጥታ ቪዲዮ አድርጎ ማውጣት ይበቃል። ሪጉ ከከበደ ብሌንደር ውስጥ የምስሉን ዝርዝር የሚቀንሰውን ሲምፕሊፋይ የሚለውን አብሩት።

ማስታወቂያ ቤት ወይም ቪዲዮ ቤት ተቀጥራችሁ ገቢ ካላችሁ ሌላ መንገድ አለ። በራሳችሁ እስከ እርምጃና ክብደት ማንሣት ድረስ ሂዱ። ከዚያ አራሚ ካለበት ትምህርት ቤት አንድ ተርም ብቻ፣ ያውም የሰውነት እንቅስቃሴ የሚያስተምረውን፣ ግዙ። ሥራችሁን አይተው ከፍ ካለ ክፍል እንድትጀምሩ የሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ጠይቁ። ኳስ ለማንጠር መቶ ሺህ ብር መክፈል ያሳዝናል፤ ያንን በነፃ መልመድ ይቻላል።

ሙሉውን ፕሮግራም የምመክረው ሙሉ ወጪውን የሚሸፍንለት ሰው ላለው፣ ቀኑን ሙሉ ነፃ ለሆነ፣ ውጭ አገር ስቱዲዮ ለመቀጠር ለቆረጠ ብቻ ነው። ሰርተፊኬቱን ብላችሁ ግን አትግቡ። ቀጣሪ የሚያየው የሥራ ናሙናችሁን ነው፤ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቢሆንም ጥሩ ከሆነ ይበቃል።

ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ጻፉ። የቀጥታው ክፍል በአዲስ አበባ ሰዓት ስንት ሰዓት ላይ ይውላል? የተቀረጸውን ማውረድ ይቻላል? ኢንተርኔት ከሳምንት በላይ ቢቋረጥብኝ ተርሙን ታስተላልፋላችሁ? ገንዘብ የሚመለሰው እስከ ስንተኛው ሳምንት ነው? መልሱን አስቀምጡት።