የብየዳ ቤት ወንፊት ለዋሻ ቁፋሮ ይሆናል ወይ?

ደብረ ብርሃን ላይ ብየዳ ቤቶች ለግንበኛ የሚሠሩት የአሸዋ ወንፊት፣ ልኩ ከተነገራቸው ለዋሻ ቁፋሮም ይሆናል፤ ይኸውም የጥንት ሰዎች የተዉት አጥንትና የድንጋይ መሣሪያ ከዋሻ አፈር ውስጥ ለሚፈለግበት የቅርስ ቁፋሮ። እዚህ የምንገመግመው ባለ ሁለት ክፈፉን ነው፦ ስፋቱ 60 በ60 ሳንቲሜትር፣ አጽሙ ባለ 20 ሚሊሜትር ቱቦላሬ፣ ዙሪያው 10 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ላሜራ። የላይኛው መረብ ቀዳዳ 5 ሚሊሜትር፣ የታችኛው 2 ሚሊሜትር ነው። ክፈፉን ወደነዋል። የመረቡን አያያዝና ቀለሙን ግን አልወደድነውም፤ ሁለቱ ካልታረሙ ዕቃው ከአምስት ሦስት ኮከብ አያልፍም።

ጥንካሬው ላይ የሚወጣለት እንከን የለም። ከሦስት የባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ ቢወዛወዝ አይጣመምም። ከእንጨት የተሠራ ክፈፍ ግን የቆላ ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚጣመም ላይኛውና ታችኛው መግጠም ያቆማሉ፤ አፈሩም በክፍተቱ ሳይነፋ ያመልጣል። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ባልዲ በላይ አይፈሰስበት። ሙሉ ባልዲ ሲሆን ሠራተኛው አፈሩን በመዳፉ ማሸት ይጀምራል፤ ስስ አጥንት የሚያልቀውም ያኔ ነው።

ሁለተኛውን ክፈፍ ወጪ ለመቀነስ ብሎ የሚተወው አለ፤ ስሕተት ነው። 5 ሚሊሜትሩ የሰስ መንጋጋ፣ የሽኮኮ ራስ ቅል፣ የጃርት ጥርስ ይይዛል። የአይጥ ጥርስ ግን ያልፋል፤ በዘመኑ አካባቢው ደን ይሁን ሜዳ ከሁሉ ይልቅ የሚናገሩት ደግሞ እነዚህ ጥቃቅኖቹ ናቸው። የድንጋይ መሣሪያ ሲሳል የሚረግፈው ፍንካችም በአብዛኛው ከ5 ሚሊሜትር ያንሳል። እሱ ከሌለ መሣሪያው እዚያው መሳሉን ወይም ተስሎ መምጣቱን መለየት ያዳግታል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። በያጁ መረቡን በማዕዘንና በመሀል ነጥብ ነጥብ አድርጎ ነው የሚበይደው። አፈር ሲደጋገምበት መሀሉ ይረግባል፣ ቀዳዳው ከአራት ማዕዘንነት ይወጣል፣ ጠርዙ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይከፈታል። ትእዛዝ ሲሰጥ መረቡ እንዳይበየድ ይነገር፤ በጠፍጣፋ ብረት ተጨቁኖ በየ10 ሳንቲሜትሩ በብሎን ይታሰር። ሲቀደድ ክፈፉን ሳይነኩ መረቡን ብቻ መቀየር ይቻላል።

የብየዳው ሹል ቅሪትም ውስጥ ውስጡን በሞረድ መስተካከል አለበት። አጥንት ሲጭር የሚተወው መስመር ጥንት ሥጋ ሲገፈፍ የድንጋይ ስለት ከተወው ጋር ይምታታል። መለያው ቀለም ነው፤ የዛሬው ጭረት ውስጡ ነጣ ይላል፣ የጥንቱ ግን ከአጥንቱ ገጽ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ቢሆንም ጭረቱ ከመጀመሪያው ባይኖር ይሻላል።

ትልቁ ቅሬታችን ቀለሙ ነው። ዝገት እንዳይበላው ተብሎ ቀይ አንቲረስት ይቀባል። ጠጠር ሲፈትገው ይላጥና ቀይ ብናኝ ሆኖ ከተነፋው ጋር ይቀላቀላል። የጥንት ሰዎች ይፈጩት የነበረው ኦከር የሚባለው ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ አንቲረስቱን ቀይ ያደረገውም ያው ብረት ኦክሳይድ! በዓይን መለየት ከባድ ነው። ነገሩ ቀላል እንዳይመስል፦ ድሬዳዋ አጠገብ ካለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ 40 ኪሎ ያህል ኦከር ወጥቷል። ስለዚህ ቀለም ጨርሶ አይቀባ፤ ካስፈለገ ቀይ ያልሆነ ይሁን፣ ያውም በውጭ በኩል ብቻ።

ባልጩት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ የጥንት መሣሪያ የሚሠራበት ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ መስታወት ስለሆነ ብረት መረብ ላይ ሲንገጫገጭ ጠርዙ ይሸረፋል፤ ሽርፉም የተሠራበት መሣሪያ ያስመስለዋል። የሚታየውን ከማወዛወዝ በፊት በእጅ ማንሳትና እያንዳንዱን በየራሱ ከረጢት ማስገባት ነው። አንድ ላይ ከታጎሩ እስከ አዲስ አበባ በመኪና እርስ በርስ ሲፋጩ ይሄዳሉ።

ወንፊቱ የማይችለው አፈርም አለ። የዋሻው የላይኛ ንጣፍ የፍየል በጠጥ ከሆነ ብናኙ ሳንባ ስለሚጎዳ ያለ ጭምብል መንፋት አይገባም። የበልግ ዝናብ ያራሰው ጭቃ መረቡን ይደፍነዋል፤ ጥላ ላይ ተሰጥቶ እስኪጠነፍፍ ይጠበቅ እንጂ ፀሐይ ላይ አይውጣ፣ አጥንቱ ይሰነጠቃል። በጀማ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ባለበት ደግሞ አጥንቱ ከአፈሩ ጋር እንደ ሲሚንቶ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ጓል ወንፊት ላይ መምታት አይገባም፤ እንዳለ ተጠቅልሎ ወደ ቤተ ሙከራ ይሂድ።

ወንፊት መግዛት ፈቃድ አይጠይቅም፣ መቆፈር ግን ይጠይቃል፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ሰጪው የቅርስ ባለሥልጣን ነው።

መለዋወጫን በተመለከተ፣ 5 ሚሊሜትሩ መረብ በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ አይጠፋም። 2 ሚሊሜትሩ ግን እንደ ልብ ስለማይገኝ መጀመሪያውኑ ሁለት ክፈፍ የሚሸፍን ተጨማሪ ማስቆረጥ ይበጃል። በምትኩ አጎበር የሚወጥሩ አሉ፤ ቀዳዳው ከ2 ሚሊሜትር ስለሚያንስ በውሃ ለማጠብ ይሆናል፣ ደረቅ ጠጠር ላይ ግን ቀን አይውልም።